የጉማሬና የወፍ ጉብኝት በጣና፦ ለከተማችን የቱሪዝም ኃላፊዎች፣ ለሐይቅ ዳር ሎጆችና ለጀልባ ማኅበራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ የቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች
ለጣና ሐይቅ ዳር ሎጅና ሆቴል ባለቤቶች
ለጀልባ ባለንብረቶችና ነጂዎች ማኅበራት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በዓባይ መውጫና በሐይቁ ዳር የሚደረገው የዱር እንስሳት ጉብኝት ሥርዓት እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታ፣ ወደ ዓባይ መውጫ፣ ለሚሄድ እንግዳ ወደብ ላይ የሚነገረው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጉማሬ እናሳይሃለን»። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ወይም ደንገል ሥር ተኝቶ የሚውል እንስሳ ነው፤ በቀጠሮ አይወጣም። ቃል የገባ ጀልባ ነጂ እንስሳው ሳይታይ እንግዳውን መመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ ይጠጋል። የደንገሉን ዳር በሞተር ያስሳል፤ የጠለቀው እንዲወጣ ዙሪያውን ይዞራል፤ ሌላው ጀልባም ይህን አይቶ ይመጣል። በመጨረሻ እንግዳው የሚያየው የደነገጠ እንስሳ ጀርባና የውሃ ፍንጣቂ ነው፤ ሰው የጫነችው ጀልባ ደግሞ ከአንድ ቶን በላይ በሚመዝንና ቦታውን በኃይል በሚጠብቅ እንስሳ አጠገብ ቆማለች።

እኛ በጣና ላይ እንግዳ የምናስጎበኝ፣ ጀልባ የምንነዳና በሐይቅ ዳር ማረፊያዎች የምንሠራ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ነን። የምንጠይቀው ለእንግዳው የሚገባለት ቃል እንዲለወጥ ነው። ቃል የሚገባው ስለ እንስሳው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ርቀቱና ስለ አካሄዱ ይሁን። «ጎህ ሲቀድ እንነሣለን፤ ሁለት ሰዓት ውሃ ላይ እንቆያለን፤ በዝግታ እንሄዳለን፤ ጉማሬ ካለ ከ50 ሜትር እናያለን፤ ከሌለም ወፉ አለ።» ይህን ቃል ማንኛውም ነጂ በማንኛውም ቀን ሊጠብቀው ይችላል።

የዱር እንስሳ ለማየት አፍሪካን የሚዞር እንግዳ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላ አገር ያየውን ይዞ ነው የሚመጣው። ኬንያ ማሳይ ማራ ሄዶ ከሆነ፣ አንድ አንበሳ ወይም አቦ ሸማኔ ዙሪያ ከአምስት በላይ መኪና መቆም እንደሌለበት ተነግሮታል። ደንቡ እዚያም ይጣሳል፤ መኖሩን ግን እንግዳው ያውቃል፤ ሲጣስም ይከፋዋል። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ የገባ ሰው በአስፋልት ከ50፣ በጠጠር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት እንደማይነዳ፣ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ከመኪና እንደማይወረድና የካምፑ በር ሳይዘጋ መግባት እንዳለበት ያውቃል። ኡጋንዳ ወይም ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላ ያየ ሰው በቡድኑ ውስጥ ከ8 ጎብኚ እንዳልበለጠ፣ ቆይታውም 1 ሰዓት ብቻ እንደነበር ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ ከጣና ጋር የሚወዳደረው ግን የካዚንጋ ቦይ ነው፤ ኡጋንዳ ውስጥ ኤድዋርድና ጆርጅ የተባሉትን ሐይቆች ያገናኛል። እዚያ ጀልባው በታወቀ ሰዓት ተነሥቶ የውሃውን ዳር ይዞ በዝግታ ይሄዳል፤ አስጎብኚው ይናገራል፤ ጉማሬውም ጀልባው እንደማይነካው ስለለመደ ቦታውን አይለቅም። እንስሳው ያን ያህል ቀርቦ የሚታየው ስለማይረበሽ ነው። የዓባይ መውጫ ጉማሬዎችም ይህን ሊለምዱ ይችላሉ፤ የሚለምዱት ግን ሁሉም ጀልባ በአንድ ዓይነት አካሄድ ሲሄድ ነው። ዘጠኝ ጀልባ በሥርዓት አልፎ አሥረኛው ቢያሳድዳቸው የዘጠኙ ድካም ከንቱ ይሆናል።

በሌላ በኩል ጣና ፓርክ አይደለም። አጥር የለውም፤ መግቢያ በር የለውም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግበው ገዳማቱን፣ እርሻውን፣ ዓሣ አጥማጁንና ከተማውን አብሮ ይዞ ነው። ቀን ደንገል ሥር የተኛው ጉማሬ ማታ የሚግጠው የአንድ ገበሬ ማሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉብኝቱን «ሳፋሪ» ብሎ ማስተዋወቅ እንግዳውን ያሳስተዋል፤ ዝሆንና አንበሳ ጠብቆ ይመጣና ሐይቅና ወፍ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። ያለንን በስሙ እንጥራው፦ ሐይቅ፣ ገዳም፣ ወፍ፣ አርጃኖ፣ ዕድል ከቀና ደግሞ ጉማሬ። ለወፍ ብቻ ብሎ ባሕርና አህጉር የሚያቋርጥ ሰው ሞልቷል።

ስለ ሰዓቱ እንናገር። ጣና ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንድ አይደለም። ጠዋት ውሃው ይተኛል። ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ስትሄድ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላም ይበረታል። ሐይቁ በስፋቱ ልክ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ተደራራቢ ስለሚሆን ጀልባዋን ያንገጫግጫል። በዚያ ላይ ጉማሬ ከውሃ በላይ የሚያሳየው ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ነው፤ ማዕበል ባለበት ውሃ ይህን መለየት ለለመደ ዓይን እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ትክክለኛው መነሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጉማሬዎቹ ከግጦሽ ተመልሰዋል፤ ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ብርሃኑም ለፎቶ ለስላሳ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚነሣ ጀልባ ግማሹን ነገር አጥቶ ነው የሚነሣው።

ይህ ሰዓት የሚባክነው ደግሞ በአብዛኛው በቁርስ ምክንያት ነው። ሎጁ ቁርስ የሚያቀርበው ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ እንግዳው በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ወደቡ ላይ ሲደርስ 3 ሰዓት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማታ ላይ እንግዳውን ጠይቆ ቁርሱን ቋጥሮ ማሳደር። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ በፔርሙዝ ሻይ ወይም ቡና፣ የልጣጭና የቆሻሻ ማስቀመጫ አንድ ከረጢት። የሚበላውም ጉማሬው ጋ ሳይሆን ተመልሰው ሲወጡ፣ ጀልባዋ ጥላ ያለበት ዳር ስትይዝ ነው። የምሽት ጉዞ ለሚፈልግ እንግዳ ከ10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ይቻላል፤ ነፋሱ ያልበረታ ከሆነ። ነገር ግን ከ12 ሰዓት በፊት ወደብ መግባት ግድ ነው፤ ጉማሬ ሲመሽ ከውሃ ወደ ዳር ስለሚወጣ በዚያው ሰዓት በዳር በዳር የሚሄድ ጀልባ መንገዱ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አቀራረቡ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቅ ውሃ ነው። በእንስሳውና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባ መሸሻውን ዘግቶበታል፤ የጥቃት አደጋ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱም ይህ ነው። በዓባይ መውጫ የወንዙ መሐል ጥልቅ ስለሆነ መሐል ላይ ቆሞ ማየት መጥፎ ልማድ ነው። ጀልባዋ መንጋው ካለበት ተቃራኒውን ዳር ትያዝ። ርቀቱ ከ50 ሜትር አይነስ፤ 7 ሜትር ርዝመት ላላት ጀልባ የራሷን ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ግልገል ካለ፣ በተለይ እናቲቱ ጀርባ ላይ ወይም ጎን ተጣብቆ ከታየ፣ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሞተሩን ነገር ብዙዎች በተቃራኒው ያስቡታል። ሲደርሱ አጥፍተው ዝም ማለት ለእንስሳው የሚጠቅም ይመስላቸዋል። ዝምታው ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ጠልቆ የነበረ ጉማሬ ጀልባዋ የት እንዳለች ሳያውቅ ሥሯ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማፈግፈግ ሲያስፈልግ ሞተሩ በአንድ ጉተታ ላይነሣ ይችላል። የተሻለው 200 ሜትር ሲቀር ፍጥነት መቀነስ፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ ከማርሽ አውጥቶ ሞተሩን በዝቅተኛ ድምፅ ማቆየት ነው። ወጥ ድምፅ እንስሳውን አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው ድንገተኛ ጋዝ መስጠት፣ ጥሩንባና የጀልባ ወለል መደብደብ ነው።

ነጂውና አስጎብኚው የእንስሳውን ጠባይ ማንበብ አለባቸው። ጆሮውን እያርገበገበ ወደ ጀልባዋ የሚመለከት ጉማሬ እየተከታተለ ነው፤ ባሉበት መቆየት ይቻላል። አፉን ደጋግሞ የሚከፍት ግን አያዛጋም፤ ጥርሱን እያሳየ ነው። እንግዳው ካሜራውን የሚያነሣው በዚህ ሰዓት ነውና ነጂው ቀስ ብሎ ማፈግፈግ ያለበትም ያን ጊዜ ነው። እንስሳው በአፍንጫው ውሃ እየረጨ ቢያጓራ፣ ከመንጋው ተለይቶ ወደ ጀልባዋ ጥቂት ሄዶ ቢቆም ማስጠንቀቂያው አልቋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው የጠለቀው ነው፤ ውሃው ከላይ እያበጠ ወይም አረፋ እየተከታተለ ወደ ጀልባዋ ሲመጣ ከታየ በዚያው ቅጽበት መሄድ ነው። ትልቅ ጉማሬ ጠልቆ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ስለሚችል «ሄዷል» ብሎ ወደነበረበት ቦታ መጠጋት አይገባም።

ቆይታው 15 ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጀልባ በላይ አይቁም፤ ሦስተኛው 200 ሜትር ርቆ ተራውን ይጠብቅ። ነጂዎቹ በስልክ ስለሚገናኙ ይህ አስቸጋሪ አይደለም። ጀልባዎቹ በሁለቱም ወገን ሆነው መንጋውን መሐል ማስገባት የለባቸውም፤ በአንድ ጎን ይቁሙ። ፎቶ ለማንሣት ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሮጥ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ይህን ለማስቀረት ነጂው ከመነሣቱ በፊት «ሁላችሁም እንደተቀመጣችሁ ትቆያላችሁ፤ እኔ ጀልባዋን አዙሬ መጀመሪያ ለቀኝ፣ ቀጥሎ ለግራ አሳያለሁ» ብሎ ይናገር። አንድ ጊዜ የተነገረው እንግዳ ይታዘዛል።

ጀልባዋ ራሷ ምን ትያዝ? የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በተሳፋሪው ቁጥር ልክ፣ የልጅ መጠንም ያለው፤ ከመቀመጫ ሥር የተጠቀጠቀ ሳይሆን ከወደብ ሲነሡ የተለበሰና የታሰረ። ሁለት መቅዘፊያ። መጠባበቂያ ቤንዚን በተዘጋ ጀሪካን። አንድ ትርፍ ካንዴላና መፍቻው። ገመድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ቻርጅ ያለው ስልክ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ። እንቦጭ ባለበት አቅጣጫ ለሚሄድ ደግሞ ቢላዋ ያስፈልጋል። እንቦጩ ሞተሩን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። ሥሩና ግንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ቅጠሉ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከሞተሩ ጎን ወይም ኋላ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ሲቋረጥ ያየ ነጂ ወዲያው ማጥፋት፣ ሞተሩን ማንሣትና ቀዳዳውን ማጽዳት አለበት፤ ዝም ብሎ ከቀጠለ ሞተሩ ሞቆ ይነክሳል፤ እንግዳውም መሐል ሐይቅ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ጉማሬ አጠገብ በእንቦጭ ውስጥ መግባት ፈጽሞ የማይገባው።

ስለ ታንኳም አንድ ነገር እንበል። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ከውሃው በጥቂት ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች ናት። በፍጥነት የሚያልፍ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ዓሣ አጥማጁን ከነመረቡ ሊገለብጠው ይችላል። ታንኳ ሲታይ 100 ሜትር ሲቀር ፍጥነት መቀነስ ሕግ መሆን አለበት። ያው ማዕበል ደንገሉ ውስጥም ይገባል፤ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎች፣ ለምሳሌ በረጃጅም ጣቶቿ ቅጠል ላይ የምትራመደው ጃካና፣ ጎጇቸው በዚህ ይጥለቀለቃል።

አሁን ለሎጅና ለሆቴል ባለቤቶች። በበጋ ወራት የሐይቁ ዳር ሣር ሲደርቅ በቧንቧ ውሃ የሚጠጣው የሎጁ መስክ ለምለም ሆኖ ይቀራል። ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር የሚበላ እንስሳ ነው፤ እስከ ውሃው ድረስ የተዘረጋ አረንጓዴ ሣር ለእሱ ግብዣ ነው። ጉማሬ ስለመጣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ባሉ ሎጆች ጉማሬ ማታ ማታ ሣሩ ላይ ይግጣል፤ እንግዳው ከምግብ አዳራሹ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ግን በጥበቃ ታጅቦ ነው። የእኛም ሎጆች እንዲህ ያድርጉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ውሃው ዳር መውረድ ለእንግዳም ለሠራተኛም ይከልከል፤ ይህም ክፍሉ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይለጠፍ፤ እንግዳው ሲመዘገብም በቃል ይነገረው። የጥበቃ ሠራተኛው ጠንካራ ባትሪ ይዞ መጀመሪያ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ይቃኝ፤ ቆም ብሎም ያዳምጥ፤ ጉማሬ ሣር ሲነጭ በጸጥታ ሌሊት ይሰማል።

እንስሳው መስክ ላይ ከታየ መሮጥ፣ መጮህ፣ ድንጋይ መወርወር፣ በካሜራ ብልጭታ ዓይኑ ላይ ማብራት አይገባም። ወደ ሕንፃ ወይም ወደ ትልቅ ዛፍ ኋላ ቀስ ብሎ መመለስና ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ክፍት መተው ነው። መሬት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ማንም ሰው አያመልጠውም። ክፍሎቹን ለመጠበቅ እሾሃማ ሽቦ መዘርጋት ደግሞ እንስሳውን ቆርጦ የቆሰለና የከፋ ጎረቤት ያደርገዋል። ጉማሬ መዝለል አይችልም፤ ከጉልበት ከፍ ያለ ጠንካራ የድንጋይ ካብ ይመልሰዋል። ካቡ ግን የሐይቁን ዳር በሙሉ እንዳይዘጋ። መኝታ ክፍሎቹንና የእግር መንገዱን ብቻ ይክበብ፤ ቀሪውን ለእንስሳው መተላለፊያ ይተው። ወደ ውሃው የሚያበራ ትልቅ መብራት ይውረድ፤ በምትኩ ከጉልበት በታች ሆኖ ወደ መሬት የሚያበራ ቢጫ አምፖል ይሁን። እንግዳው በረንዳው ላይ ሆኖ በጨለማ የሚግጥ ጉማሬ ድምፅ ቢሰማ ያ ሌሊት ከየትኛውም የሙዚቃ ምሽት ይልቅ አብሮት ይኖራል፤ የድምፅ ማጉያው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቢዘጋ የሚቀርበት ነገር የለም።

ቆሻሻም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ክዳን የሌለው ገንዳ ጦጣን፣ አባ ኮዳንና የሰፈር ውሻን ይሰበስባል። ጦጣ አንድ ጊዜ ከሰው እጅ ሙዝ መቀበል ከለመደች በማግስቱ ትነጥቃለች፤ ከዚያ ትነክሳለች፤ የተነከሰ እንግዳ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፍለጋ ቀሪ ጉዞውን ያጣል። የዘጌ ጫካ ጦጣዎችን ለፎቶ ብሎ ማብላት ይቁም። በዓሣ ማራገፊያ አካባቢ ለፔሊካን የዓሣ ሆድዕቃ መወርወርም፣ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነውን ዓሣ አዳኝ ንስር በተወረወረ ዓሣ መጥራትም እንዲሁ። ንስሩ በራሱ ጊዜ ያድናል፤ ዛፍ ጫፍ ላይ ሲጮህ ከሰሙት 20 ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለ ወፍ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ዋናውን ብቻ እናንሣ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬኖች ከእኛው ነዋሪ ዘውዳማ ክሬን ጋር በፎገራ ሜዳ፣ በሸሸርና በወለላ ረግረግ አካባቢ ይታያሉ። እነዚህ ወፎች ቀን እህል ለቅመው ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። በመኪና ወይም በእግር ቀርቦ ማስነሣት የሰበሰቡትን ጉልበት ማባከን ነው። 200 ሜትር ርቆ፣ መኪና ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ በባለ እግር ቴሌስኮፕ ማየት ይበቃል። ለጀልባ ደግሞ 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ከ10 ይሻላል፤ ጀልባ ስለምትወዛወዝ ባለ 10ው ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። እያንዳንዱ ሎጅ ሦስት አራት ባይኖኩላር ገዝቶ ቢያከራይ ወጪው በአንድ የጉብኝት ወቅት ይመለሳል ብለን እናምናለን። ዘጌ ላይም አስጎብኚው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ መሮጥ የለበትም፤ በቡናው ጫካ ውስጥ በየ100 እርምጃው ሁለት ደቂቃ ቆሞ ማዳመጥ የወፉን ቁጥር እጥፍ ያደርገዋል።

እንግዳው ከወደብ ሳይነሣ በእውነት ሊነገረው የሚገባ ሌላም አለ። በደሴት ያሉት ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህን ደሴቱ ላይ ደርሳ የምትሰማ እንግዳ ብታዝን አይፈረድባትም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ወራት በፎቶ የታየው ዓይነት ላይሆን ይችላል፤ ሙሉ ሆኖ ማየት የሚፈልግ በክረምቱና ከክረምቱ ማግስት ይምጣ። በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ይችላል፤ በሽታው የሚተላለፈው በዚያ ባለው ቀንድ አውጣ በኩል ነው። ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ወባ ስለሚኖር አልጋው አጎበር፣ አጎበሩም ያልተቀደደ መሆን አለበት። ዋጋውም ወደቡ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ፦ ለጀልባው ስንት፣ ለስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፤ የአስጎብኚው ክፍያና የገዳማቱ መግቢያ ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው። እንግዳን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚያስቆጣው መሐል ሐይቅ ላይ የሚጨመርበት ነው።

አንድ ወገን እስካሁን አላነሣንም፤ ገበሬው። የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ በሚለቀው መሬት ላይ የሚዘራው ባሕር ሽሽ እርሻ የጉማሬው የግጦሽ መንገድ ላይ ነው። ማሳው በአንድ ሌሊት የተረገጠበት ገበሬ ጉማሬውን እንዲወደው መስበክ አይቻልም። ኡጋንዳ ከፓርኮቿ የመግቢያ ገቢ 20 በመቶውን ለአጎራባች ማኅበረሰብ ትሰጣለች፤ በማራ ዙሪያ ያሉ የማሳይ ባለ መሬቶች መሬታቸውን ለእንስሳት መጠበቂያ አከራይተው ኪራይ ይቀበላሉ። እዚህም ከእያንዳንዱ የዓባይ መውጫ ጉዞ የተወሰነ ብር ለደብረ ማርያምና ለአካባቢው ቀበሌ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ከዚያም ለተበላ ሰብል ካሣና ለሌሊት ጥበቃ ቢከፈል ጉማሬው ጠበቃ ያገኛል። ደንገሉን የሚያጭዱትና ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎችም ከዚህ ጉብኝት ድርሻ ይኑራቸው። እንግዳ ታንኳ ሲሠራ ተቀምጦ ማየት ይወዳል፤ ለዚያም ለባለሙያው በቀጥታ ይክፈል። ደንገሉን ነቅሎ ቦታውን ማሳ ወይም ሕንፃ ማድረግ ግን መቆም አለበት። ጉማሬው የሚተኛው፣ ወፉ የሚፈለፍለው፣ ዓሣውም ጫጩቱን የሚያሳድገው እዚያ ነው።

የእንግዳው ቁጥር በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ሥርዓት ማበጀት ከባድ አይደለም፤ ወደቡ ሲጨናነቅ የማይቻለው አሁን ይቻላል። ከተማው በመጪው መስከረም ከጀልባ ማኅበራት ጋር ተቀምጦ የ50 ሜትሩን፣ የሁለት ጀልባውንና የ15 ደቂቃውን ደንብ በአንድ ገጽ አጽፎ ወደቡ ላይ ይለጥፍ። እያንዳንዱ ጀልባ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር ይኑረው። ሁለት ጊዜ የጣሰ ነጂ ለአንድ ወር ወደ ዓባይ መውጫ አይሂድ፤ ቅጣቱንም ራሱ ማኅበሩ ያስፈጽም። ነጂዎችና አስጎብኚዎች ለሁለት ቀን ሥልጠና ይውሰዱ፤ አንዱ ቀን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ ይሁን።

በመጨረሻም ወደቡ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጥ። የተመለሰ ነጂ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የታየውን የጉማሬ ቁጥር፣ ግልገል መኖር አለመኖሩን ይጻፍበት። ቆጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የጠለቁት ይቀራሉ፤ በ15ቱ ደቂቃ ውስጥ በየአምስት ደቂቃው ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ትልቁን ቁጥር መያዝ ነው። ደብተሩንና እስክሪብቶውን እኛ እናመጣለን፤ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛና የሚረከበውን ሰው እናንተ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጣና ላይ የምንሠራ አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ነጂዎችና የሎጅ ሠራተኞች
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለደብረ ማርያምና ለዘጌ ቀበሌ ነዋሪዎች
ለሐይቁ ዓሣ አጥማጆች